መርፌዋ ዘመሮ ስትደርስ

የልጅ ልጄ ጽናት ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋራዥ አላት። ሰው የጣላቸውን አሮጌ መኪናዎች ትገዛለች፤ እስከ ሻሲያቸው ታራቁታቸዋለች፤ ከዚያም ሞተሩን ከአንዱ፣ መሪውን ከሌላው እያመጣች በራሷ አሳብ እንደ ገና ትገጣጥማቸዋለች። ባለፈው ጥቅምት እኔን ልትጠይቅ መሐል ሜዳ ስትመጣ አንድ ካርቶን ይዛ ገባች። በጋዜጣ የተጠቀለሉ ክብ ክብ ነገሮች እያወጣች ከፊቴ ደረደረች። የዳሽቦርድ ጌጆች ነበሩ፤ ሙቀት፣ ዘይት፣ ነዳጅና ፍጥነት የሚያሳዩ፣ አንዳንዱ ፊቱ ነጭ፣ አንዳንዱ ጥቁር።

«አባባ፣ ያለኝ ቦታ የሦስት ብቻ ነው። እስቲ እርስዎ ይምረጡልኝ፤ እኔስ ዓይኔ ዋለለ» አለችኝ።

«የምትነጂው አንቺ፣ የምመርጠው እኔ?»

«የሾፌር ልጅ አይደሉም እንዴ? ይኸማ የእርስዎ ነገር ነው።»

አንዱን አነሣሁ። ሳላስበው አውራ ጣቴ መርፌውን ፍለጋ ሄደና ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። እጄን መለስሁ። ጽናት ይህን አላየችም፤ ወይም አይታ ዝም አለች።

እኔ የማውቀው ጌጅ መስታወት አልነበረውም።

አባቴ ዳኜ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከቀየት ተነሥቶ፣ በመሐል ሜዳ አድርጎ፣ ገብስና ሱፍ እስከ ዘመሮ ያደርሳል። በዚያ ዘመን በመንዝ መኪና ገና ብርቅ ነው። አባቴ ባለፈበት መንደር ሁሉ ሕፃናት አቧራውን ተከትለው ይሮጡ ነበር፤ እኔ ግን ልጁ ስለሆንሁ አልሮጥም፣ ቆሜ አያለሁ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ያን ሥራ በድንገት ተወ። እናቴ ጌታነሽ ለጎረቤት «የሰው መኪና ሰለቸው፤ የራሱን ሊሠራ ነው» ስትል ሰማሁና አመንሁ።

የራሱን መሥራቱ እውነት ነበር። ከጓሯችን፣ ከአውድማው አጠገብ፣ ወታደሮች ጥለዋት የሄዱ አንዲት የጂፕ ሻሲ ነበረች። አባቴ ከተገለበጠ ፊያት ያወጣውን ሞተር እሷ ላይ ጫነ። ብየዳውን የሚሠራለት የእናቴ ወንድም ወልደ አማኑኤል ነበር፤ ሙያውን ደብረ ብርሃን ተምሮ የመጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ሞተሩ ስለ ረዘመ የሚገጥምላት የሞተር ክዳን አልተገኘም። ጣሪያም በርም አልነበራትም። አገሩ «ራቁቷ» ብሎ ስም አወጣላት።

«ዳኜ፣ ለጥምቀት እንኳ ቀሚስ አትገዛላትም?» ይሉታል ወደ ገበያ የሚያልፉ ሰዎች።

«የመንዝ ልጅ ናት፣ ብርዱን ለምዳዋለች!» ይላል አጎቴ ከሻሲው ሥር እንደ ተኛ።

መቀመጫዋ ላይ እናቴ ከፈተለችው ጥቁር ሱፍ የተሠራ ዝተት ተነጠፈ። ለዳሽቦርዱ አጎቴ የጥድ ሳንቃ ጠርቦ ሦስት ክብ ቀዳዳ አወጣበት። ከዚያ አባቴ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከወላለቁ መኪናዎች የተነቀሉ ጌጆች በጆንያ ሞልቶ መጣ። ዝተቱ ላይ ሲዘረግፋቸው የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። የነዳጅና የቆየ ጎማ ሽታ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሀብት አይቼ አላውቅም ነበር።

አጎቴ ትልቁን፣ ዙሪያው በኒኬል የሚያብለጨልጨውን አነሣ። «ይኸ ነው እንጂ! የፍጥነት ነው። እስከ መቶ ስድሳ ይቆጥራል።»

«በኛ መንገድ መቶ ስድሳ?» አለ አባቴ። «ገደሉን ልበርበት ነው?»

«ባትበርስ፣ ለዓይን አያምርም?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ የኒኬሉን ጌጅ ከፊቴ ያዘው። «ሀዲስ፣ ይህ መርፌ የት ላይ ነው ያለው?»

«እዚህ» ብዬ በጣቴ ነካሁት።

«በጣትህ አይደለም። በአፍህ ንገረኝ።»

ቁጥር አላውቅም ነበር። ፊቱ በመስመርና በቁጥር ተጨናንቋል፤ ለየትኛው ምን እንደምል ጠፋኝ። አባቴ ወደ ጎን አደረገው። ሌላ አነሣ። ያንንም ወደ ጎን አደረገው። እንዲህ እያለ ከጆንያው ግማሹን ካሳለፈ በኋላ ፊቱ ነጭ፣ መርፌው ጥቁርና ወፍራም፣ በስተቀኝ ጫፉ ቀይ የተቀባ የሙቀት ጌጅ እጁ ገባ።

«ይኸስ?»

«መንገዳችንን ይመስላል» አልሁ።

«እንዴት አድርጎ?»

«በዚህ በግራ ቀየት ነው። መካከሉ መሐል ሜዳ። ቀዩ ደግሞ ዘመሮ።»

አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ጌጁን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይኸ ይሁን» አለ። ከዚያ በርከክ ብሎ ትምህርቴን ጀመረልኝ። «መርፌዋ ቀየት ካለች ሞተሩ ገና ብርድ ላይ ነው። መሐል ሜዳ ስትደርስ ሞቋል፣ እንሄዳለን። ዘመሮ ከገባችስ?»

«ደረስና!»

«የለም። ዘመሮ ከገባች ውኃው ፈልቷል፤ ሞተሩ ሊሞት ነው። ስለዚህ ዘመሮ ልትገባ ስትል ትጮሃለህ። እኔ እቆማለሁ።»

የዘይቱንና የነዳጁንም ጌጅ በዚሁ መንገድ፣ በእኔ አፍ፣ መረጣቸው። ከዚያ ፒንሳ አንሥቶ የሦስቱንም መስታወት አወለቀ።

«ምነው አንተ ሰው፣ አቧራ ይበላቸዋል እኮ!» አለ አጎቴ፣ የኒኬሉን ጌጅ እንደ ሕፃን እንደ ታቀፈ።

«ሀዲስ ይጠርግልኛል። መስታወቱ እያብለጨለጨ እንዳያስቸግረው ነው።»

ያን ቀን ያደረብኝ ደስታ ልክ አልነበረውም። ብየዳ የሚያውቀው አጎቴ መርጦ ተከለከለ፤ እኔ መርጬ ተሰጠኝ። አባቴ ከሰው ሁሉ አብልጦ የእኔን ምርጫ እንደ ወደደው ለራሴ ነገርሁ።

ዛሬ እኔም ማታ ማታ ዓይኔ ውስጥ የማንጠባጥበው፣ ሐኪም ያዘዘችልኝ መድኃኒት አለኝ። ሕመሙ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ጨለማው ከዳር ከዳር ይጀምርና ብርሃኑ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል። አባቴ በዚያ ዓመት መንገዱን የሚያየው ሰው በጭብጡ ቀዳዳ አሾልቆ እንደሚያየው ነበር። ዓይኑን ወደ መርፌው ዝቅ ቢያደርግ መንገዱ ይጠፋበታል። ሥራውን አልተወም፤ የጭነት መኪናውን ከድልድይ ጠርዝ ጋር ስላጋጨ ነጋዴው ቁልፉን ነጠቀው። ራቁቷን የሠራት ቁልፏን ማንም የማይነጥቀው መኪና እንድትኖረው ነው። ጌጆቹ ለውበት አልተመረጡም፤ ለእኔ አፍና ለእሱ አውራ ጣት ተመረጡ። ይህን ለማንም አልነገረም። የመንገዱ አቧራ የጎዳው እየመሰለው፣ ያልፋል እያለ፣ በስውር ጸበል ይጠመቅ ነበር።

በመካከሉ አገሩ አባቴን አኮረፈው። በእኛ ዘንድ ሰው ከሩቅ ሲታይ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ጎንበስ ተብሎ ጤና ይጠየቃል፤ የእህሉ፣ የከብቱ፣ የልጆቹ ደኅንነት ይጠየቃል። አባቴ ግን ሰላምታ ያቀረበለትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ጀመረ። «ብረት ቢገጣጥም ጊዜ ሰውን ናቀ» ይባል ጀመር። እኔም ሰማሁ፤ መናቁም ደስ አለኝ። የሾፌር ልጅ ሰላምታ አይሰጥም ብዬ ደምድሜ፣ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ አንዲት ባልቴት «ደኅና ዋልህ ልጄ?» ሲሉኝ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍሁ። እናቴ አይታ ኖሮ ጆሮዬን ያዘችና «ከማን ነው የተማርኸው?» አለችኝ። «ከአባባ» አልሁ። እጇ ጆሮዬን ለቀቀ።

ብዙ ሳይቆይ የንስሐ አባታችን አባ መርስዔ ኃዘን ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ። ጠላ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም።

«ልጄ ዳኜ፣ ሰው ቅር ብሎታል» አሉ።

«በምን፣ አባቴ?»

«ጎረቤትህ አቶ ቅጣው ከአጠገብህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቢቆሙ አለፍሃቸው። ይሁን፣ በመሬት ተጣልታችኋል እንበል። ትናንት ግን እኔን አለፍኸኝ። መስቀል ይዤ! ልትሳለም ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ እንደ ሞኝ ቀረሁ። ያቺ ራቁቷ መኪና ናት ከሰው የለየችህ?»

የእናቴ እንዝርት መሽከርከሩን አቆመ።  አባቴ ተነሥቶ አባ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ኮርቻለሁ፣ አባቴ። ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ከእንግዲህ ሰው ሳይቀድምህ አንተ ቅደም» አሉና መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

እኔ ከምሰሶው ኋላ ሆኜ አፈርሁ። ኩራት እንዲህ ያለ ኃጢአት መሆኑን አላውቅም ነበር። አባቴ ባልሠራው ኃጢአት የተናዘዘ መሆኑን ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ኩሩ ሾፌር ቀኖና ተቀብሎ ይነዳል፤ የማያይ ሾፌር ግን ምን ቀኖና ይሰጠዋል?

በማግስቱ አባቴ ራቁቷ ላይ አስቀምጦኝ፣ «ሀዲስ፣ ንስሐዬን ታግዘኛለህ?» አለኝ። «ሰው በቀኝ ከመጣ ቀኝ ጉልበቴን፣ በግራ ከመጣ ግራውን መታ አድርግልኝ። ለማንም ግን እንዳትናገር፤ ንስሐ ሲወራ ይፈርሳል።»

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሁለት ሆነ፤ መርፌ መናገርና ጉልበት መምታት። ራቁቷ በሰው እርምጃ ሜዳውን ትዞራለች፤ እኔ ጉልበቱን መታ አደርጋለሁ፤ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ «እንደምን ዋሉ! ደኅና ነዎት?» ይላል፣ ማንም ሳይቀድመው። አገሩ ታረቀው። «ዳኜማ ተመለሰ፣ የአባ መስቀል ሠራችለት» ተባለ።

አንድ የገበያ ቀን ግን ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲያናጥረን እጄ ሳላስበው ቀኝ ጉልበቱ ላይ አረፈ። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀና ጎንበስ አለ። «እንደምን ዋሉ! ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

በቀኝ በኩል የቆመችው የአጎቴ አህያ ነበረች፣ ጨው እንደ ተጫነች።

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። አጎቴ ከአህያዋ ኋላ ብቅ ብሎ፣ «ደኅና ናት፣ እግዜር ይመስገን! ለእሷ እንዲህ ካልህ ለእኔማ ልትሰግድ ነው!» አለ። አባቴም ሳቀ፤ ከሁሉ ዘግይቶ፣ ከሁሉ አስረዝሞ ሳቀ። ያልሳቀች እናቴ ብቻ ነበረች። ሸክሟን አዝላ ከመንገዱ ዳር ቆማ የአባቴን ዓይን ታያለች። በአህያዋ ያፈረች መሰለኝ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዘመሮ ልንሄድ ተቀጥሮ ነበር። ራቁቷ ከሜዳው ወጥታ ከባዱን መንገድ የምትይዝበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ገደሉ ሁሉ ያለው በዚያ መንገድ ላይ ነው። እኔ በእንቅልፌ እንኳ «ዘመሮ ልትገባ ነው!» እያልሁ እጮህ ነበር አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች። ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልቀለጠም። አባቴ የሞተር ማስነሻውን ማንቬላ ሲያዞር ሞተሩ ተንገራገጨና ተነሣ። ዝተቱ ላይ ተቀመጥን።

«መርፌዋ?»

«ቀየት ናት።»

ጥቂት ቆየን። መስታወት በሌለው ፊት ላይ መርፌዋ ስትንቀጠቀጥ አየሁ።

«ከቀየት ተነሣች!»

«እንግዲያ እንሂድ» አለ አባቴ፤ ራቁቷም ዝግ ብላ መጓዝ ጀመረች።

እናቴ ከቤቱ ማዕዘን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ብቅ አለችና በግራችን ትሄድ ጀመር። ከራቁቷ ጋር እኩል ትራመዳለች። ወደ እኔ አላየችም፤ እሱን ብቻ ታያለች። እንደ ልማዴ የአባቴን ግራ ጉልበት መታ አደረግሁ።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ አለ። «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ! ቤተ ሰቡ ደኅና ነው?» አለ ለእናቴ።

ሳቅሁ። እንዲህ ያማረ ቀልድ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ እርምጃዋን አፈጠነች፤ ቀደመችን፤ ከዚያም መንገዱ መካከል ገብታ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆመች። ነጠላዋ በፀሐዩ ያንጸባርቃል።

«መርፌዋ?» አለ አባቴ።

«መሐል ሜዳ ናት።»

አሁን ይቆማል አልሁ። አልቆመም። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ጨዋታ ነው ብዬ ደግሞ እናቴን አየኋት፤ ፊቷ ላይ ጨዋታ አልነበረም። አባቴን የሚያቆም አንድ ቃል ብቻ ነው የተማርሁት። እሱኑ ጮህሁ።

«ዘመሮ! አባባ፣ ዘመሮ! ዘመሮ!»

ፍሬኑን ረገጠ። ራቁቷ ተንሸራተተችና ቆመች። የራዲያተሩ ብረት የእናቴን ቀሚስ ነክቶ ነበር።

አባቴ እጁን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደደ። አውራ ጣቱ ነጩን ፊት ዳሰሰ፤ መርፌዋን አገኘ።

«ሀዲስ፣ መሐል ሜዳ ናት እኮ» አለኝ፣ ምንም ሳይቆጣ። «ለምን ጮህህ?»

ጣቴን ወደ እናቴ ቀሰርሁ።

«እኔ ነኝ፣ ዳኜ» አለች እናቴ ከፊት ለፊት።

አባቴ ራሱን ወደ ድምፁ መለሰ። ሞተሩ እየተንገራገጨ ነበር፤ አጠፋው።  እናቴ በጎን ዞራ መጣችና እጇን መሪው ላይ አሳረፈች።  አባቴ ራሱ ቁልፉን ነቅሎ መዳፏን በዳሰሳ ፈለገና አስጨበጣት።

«ከጓሮው ከወጣሁ በኋላ ቢሆን ኖሮ…» አለ፤ አልጨረሰውም።

«ከልጄ ጋር!» አለች እናቴ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ውርጩ ላይ ተቀመጠች። 

እኔ ለብዙ ዓመት የማምነው እንዲህ ነበር፤ አባቴ ሚስቱን እንደ እንግዳ ሰው አንቱ ብሎ ቀለደባት፤ እናቴም ተቆጥታ ዘመሮ እንዳንሄድ ቁልፉን ወሰደች። ለአንዲት ሰላምታ ይህን ያህል መቀየሟ ከንቱ መስሎኝ፣ ዘመሮን ስላስቀረችብኝ አኮረፍኋት። ከሆዷ የወጣሁ ልጇ መኪናው ላይ ተቀምጬ ወደ ገደል መንገድ ልሄድ መሆኔን፣ እውነቱን ለማወቅም ከገዛ ሰውነቷ በቀር ከመኪናው ፊት የምታቆመው ነገር እንዳላገኘች አልገባኝም ነበር። ነግራኝም አታውቅም።

አባቴና እናቴ አዲስ አበባ ሄደው ሐኪም አዩ፤ ዘግይቷል ተባሉ። ለእኔ «አባትህ ከሥራ ሊያርፍ ነው» ተብሎ ተነገረኝ። ራቁቷ ከጓሮ ቀረች። ዶሮዎች ዝተቱ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። አባቴ ግን ከሰዓት በኋላ በዱላው እየመራ ሄዶ መሪው ኋላ ይቀመጣል፤ እኔም ከጎኑ እቀመጣለሁ።

«መርፌዋ?» ይለኛል።

«ቀየት።»

ሁልጊዜ ቀየት ነበረች። አንድ ቀን ዝናብ ሊመጣ ሲያጉረመርም፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ሳየው አሳዘነኝና፣ «መሐል ሜዳ ደርሳለች» አልሁት። አውራ ጣቱ ወደ መርፌዋ ተነሣ። ሊነካት ጥቂት ሲቀረው ቆመ። እጁን መልሶ መሪው ላይ አደረገ።

«እንግዲያ እንሂድ» አለ።

ዝናቡ እስኪያበሰብሰን ድረስ ሄድን።

ሻሲዋም ሞተሩም ኋላ ለሌላ ሰው ተሰጡ። አባቴ የጥድ ሳንቃውን አስቀረ፤ ከእሱ ሞት በኋላ ከሳንቃው የሙቀቱን ጌጅ እኔ አወጣሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልንና ቁጥርን ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ከምልክት ሰሌዳና ከቆርቆሮ ላይ ለቃቅሜ፣ በራሴ ተማርሁ። ቁጥር ያወቅሁ ዕለት ያን ጌጅ አውጥቼ አነበብሁት። ዘመሮ መቶ ነበረች፤ ውኃ የሚፈላበት።

ይህን ሁሉ ለጽናት አልነገርኋትም። ሣጥኔን ከፍቼ ጌጁን አወጣሁና ከሌሎቹ ጎን አስቀመጥሁላት።

«ለአንዱ ቀዳዳ ይኸ» አልኋት።

አገላብጣ አየችው። «ኧረ እንዴት ያለ ነው! ከየት አመጡት? መስታወቱስ?»

«አልነበረውም።»

«ልግጠምለት?»

«ተዪው።»

ዓይኔን አየችኝ፤ ረጅም አድርጋ። ከዚያ በኋላ ስለ መስታወት አልጠየቀችኝም።

ከጥምቀት በኋላ መኪናዋን እየነዳች መጣች። ሞተሩ ተሸፍኗል፣ በሯም ይዘጋል፤ ራቁት አይደለችም። ጽናት ደግፋ አስገብታ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ዳሽቦርዱ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ታየኝ። እጄን ሰድጄ ፈለግሁት፤ ከሦስቱ መካከል መስታወት የሌለው አንዱ ብቻ ነው። ሞተሩን አስነሣችው።

አውራ ጣቴ ሥር መርፌዋ ተንቀጠቀጠች።

«ከቀየት ተነሣች» አልሁ።

«ማን፣ አባባ?»

ልመልስላት ስል መርፌዋ ቀስ እያለች ጣቴን ገፋችው፤ መካከል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሞቃ ነበር።

«እንግዲያ እንሂድ» አልኋት። «ወደ ዘመሮ።»